እየተራመዱ መታከም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ከአንዳንድ ታካሚዎቼ ጋር ከቢሮ ወጥተን እየተራመድን እንነጋገራለን። ስለዚህ ነገር ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ከተራ ወክ በምን ይለያል?

አማካሪው አብሮ መሄዱ ነው። ሰዓቱም ክትትሉም እንደ ቢሮው ነው። እንግዳ ስትሸኙ የሚሆነውን አስቡት። ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ያልተነፈሰውን ነገር፣ ከበር ከወጣችሁ በኋላ መንገድ ላይ ያወጣዋል። ፊት ለፊት ተያይቶ የውስጥን መናገር ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ጎን ለጎን ሲኬድ ግን ዝምታውም አያስጨንቅም። በተለይ ወንዶች ቢሮ ውስጥ «ደህና ነኝ» ብለው የዘጉትን እየተራመዱ ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በጥናት የተደገፈ ነው?

አዎ። እንደ ፈረንጆች በ2015 የወጣ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ጤነኛ ሰዎች ለ90 ደቂቃ ተራመዱ፤ ግማሾቹ ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ግማሾቹ መኪና በሚበዛበት መንገድ። ዛፍ ባለበት የሄዱት ሐሳብ ማመንዠካቸው ቀነሰ። ከዚህ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍልም ረገብ አለ። ማመንዠክ የምለው «ምነው ባልተናገርኩት» እያሉ ሌሊቱን መገላበጥን ነው። ድብርትን ከሚያባብሱት አንዱ ይኸው ነው። አንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ድብርትን ያድናል ማለት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ መድኃኒቴን ላቁም?

አይሆንም። ሐኪምህን ሳታማክር እንዳታቆም። ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ካለህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገርና አማኑኤል ወይም ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

ስጋትሽ ልክ ነው። ከመውጣታችን በፊት እንመካከርበታለን፤ ሰው ቢያጋጥመን ማን ነው ትያለሽ? እኔ ማንነቴን አልናገርም። ካልተመቸሽ ቢሮ እንቀመጣለን።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ጥሩ ነው?

በጣም ደስ ይላል። ግን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ልብ ያስመታል። ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት የሚነሳበት ሰው ያንን ሲሰማው «መጣብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ከሜዳ እንጀምራለን። እያደር ዳገቱ ራሱ ልምምድ ይሆናል፤ ልብ ስለመታ ብቻ ሰው እንደማይሞት ሰውነቱ ይማራል። በግማሽ መንገድ ቆሞ፣ ትንፋሹ ሲመለስ ራሱ ያየ ሰው ፊት ላይ የሚነበበውን ነገር በጣም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፤ በሐምሌ ሙቀት እንዴት ላድርግ?

ጎህ ሲቀድ ውጪ። ካልሆነ ትልልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ተራመጂ። ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠውን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ላብ በዝቶ ውሃ ሲጎድልሽ መድኃኒቱ ደምሽ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ ከቤት አትወጣም። «ወክ እናድርግ» ስላት «ምን ቀረኝ ብዬ» ትላለች። ምን ላድርግ?

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ወክ አትበላት፤ ሕክምና ነውም አትበላት። ወደ ሥራ ስትወጣ «እማዬ፣ እስከ ማዞሪያው ሸኚኝ» በላት። እናት ልጅሽን ሸኚ ስትባል እንቢ ማለት ይከብዳታል። በማግስቱም ድገመው። በእሷ እርምጃ ሂድ፣ አትቸኩል። አባትህን ካነሳች ወሬ አታስቀይራት፤ ሥራ ብታረፍድም ቁምና ስማት።