ሦስት ቀን ሲቆም ባትሪ የሚጨርስ ኖህ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዳማ ነው። የቤተሰባችን መኪና ቶዮታ ኖህ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች አትነሳም። ባትሪ ቀየርን፣ በወሩ ያው ሆነ። አንዳንዴ በሮቹ ተዘግተው ሳለ "በር ክፍት ነው" የሚለው ምልክት ይበራል። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ሌላ ባትሪ ለመግዛት አይቸኩሉ። አዲስ ባትሪ በወሩ ከወደቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ጠፍቶም ከእሱ የሚስብ ነገር አለ። ያ እስካልተገኘ ድረስ የሚገባው ባትሪ ሁሉ ያልቃል።

በመጀመሪያ ያለውን ባትሪ በቻርጀር ይሙሉት፤ ለ60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከ5 እስከ 6 አምፒር እየሰጡ ሌሊቱን ማሳደር ነው። በፍጥነት መንገዱ አንድ ሰዓት መንዳት ፈጽሞ የወረደን ባትሪ አይሞላም። ሞልቶ ጥቂት ሰዓታት ሲያርፍ በቴስተር (የቮልትና የአምፒር መለኪያ) 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተር ተነስቶ፣ መብራትና ኤሲ በርቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ይሁን። ከ13.2 በታች ከሆነ ቺንጋውን፣ የዲናሞውን (ሞተር ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ካርቦንና የማሳ ገመዱን (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን) ያስፈትሹ። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ በአዳማ ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር የባትሪው ውሃ ቶሎ ይደርቃል።

ዋናው ልኬት፣ ሞተር ጠፍቶ ከባትሪው ምን ያህል እንደሚሳብ የሚያሳየው፣ ቀጥሎ ያለው ነው። ኮፈኑን ይክፈቱ። የሾፌሩን በር ክፍት ትተው መቆለፊያውን በጠመንጃ መፍቻ እስኪቆልፍ ይግፉት፤ መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፣ እርስዎም ፊውዙ ጋ መድረስ ይችላሉ። (ሲጨርሱ በሩን ከመዝጋትዎ በፊት እጀታውን ይሳቡ።) ስማርት ቁልፍ ከሆነ ከመኪናው 5 ሜትር ያህል ያርቁት። የማሳውን ገመድ ከባትሪው ይፍቱ፣ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገው በባትሪው ኔጌቲቭ ራስና በተፈታው ገመድ መካከል ያስገቡ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይጠብቁ። የመኪናው ኮምፒውተሮች ወዲያው ስለማይተኙ የመጀመሪያው ንባብ ያሳስታል። በዚህ መሃል ሞተር አያስነሱ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ከ0.05 አምፒር በታች ከሆነ ችግር የለም። 0.5 ካሳየ ግን በቀን 12፣ በሦስት ቀን 36 አምፒር-ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ከ60ው ከግማሽ በላይ። እርስዎ የገለጹት ሁኔታ ከዚህ ጋር ይገጥማል። አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡን ይከታተሉ። ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ ጥፋቱ ያለበትን መስመር ይነግርዎታል።

የእናንተን መኪና በተመለከተ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ተንሸራታቹን በር ነው። የበሩ መቆለፊያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስዊች የአዳማ አቧራ ሲገባባት ትያዛለች፤ ያኔ መኪናው በሩ ክፍት ነው ብሎ ሳይተኛ ያድራል። በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ነፍተው በሩን ደጋግመው ይክፈቱ ይዝጉ። ካልተስተካከለ ከበሩ ወደ አካሉ የሚሻገረውን የሽቦ ጥቅል ይመርምሩ። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚታጠፍ ከዓመታት በኋላ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ሽቦዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ወይም ውስጡ ተበጥሶ ከላይ ደህና ይመስላል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ተበጥሷል። ጥገናው ልስልስ የመኪና ሽቦ በብየዳ መቀጠል ነው፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሸገ ሽቦ እዚያ ቦታ አይቆይም። መጋጠሚያው መታጠፊያው ላይ እንዳይውልም ይጠንቀቁ።

ችግሩ በሩ ላይ ካልሆነ፣ በኋላ የተጨመሩትን ነገሮች ይዩ፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ስክሪን፣ አምፕሊፋየር። ብዙ ጊዜ ገጣሚው በቁልፍ የሚጠፋውን መስመር ትቶ ሁልጊዜ ኃይል ካለው ላይ ይቀጥላቸዋል።

የትኛውም ፊውዝ ንባቡን ካላወረደው የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሊሆን ይችላል። ማሳው እንደተፈታ ከዲናሞው ወፍራሙን ገመድ ያውጡ፣ ጫፉን በፕላስተር ይሸፍኑ፣ እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ዲናሞው ይጠገን።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ በምንም ምክንያት በ10 አምፒሩ ፊውዝ ቦታ ባለ 20 ወይም የሽቦ ቁራጭ አያስገቡ። በሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይግልና ከነምንጣፉ ይቀጣጠላል፤ ልጆች የሚቀመጡትም እዚያው ጎን ነው።