«ከላይ ምን እየወቀጣችሁ ነው?» የታች ጎረቤት ቅሬታ ሲያነሳ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች የተላኩልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምና በሊሾው ላይ ሴራሚክ አስነጠፍን። ከዚያ ወዲህ ከታች ያሉት እማማ ቡና ስንወቅጥ፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ፣ ወንበር ሲጎተት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ይደበድባሉ። ቴሌቪዥኑን ቀነስን፣ ለውጥ የለም። ሳንቀያየም ምን እናድርግ? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ይስተካከላል። ቴሌቪዥኑን መቀነስዎ ደግ ነው፤ ጥፋተኛው ግን እሱ አይደለም። የቴሌቪዥንና የወሬ ድምፅ በአየር ነው የሚሄደው፤ ሶሌታው (በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው የኮንክሪት ወለል) ላይ ሲደርስ አብዛኛው ይቀራል። ዘነዘና፣ ተረከዝና የወንበር እግር ግን ወለሉን ራሱን ነው የሚመቱት። ምቱ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ከታች እንደ ከበሮ ይወጣል። ለዚህ ነው እርስዎ ቤት «ጠቅ» ያለው እማማ ቤት «ድው» የሚለው። ሴራሚክ ደግሞ ደረቅ ነው፤ በሲሚንቶ ከሊሾው ጋር ተጣብቆ አንድ አካል ስለሚሆን ምቱን ሳይቀንስ ያሳልፋል። ብዙ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታቸው በብሎኬት የተሞላ፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ብቻ የፈሰሰበት በመሆኑ ቀላል ነው፤ ቀላል ሶሌታ ደግሞ ቶሎ ይርገበገባል።

ስለዚህ ምቱን መያዝ ያለብዎ ወለሉን ከመንካቱ በፊት ነው። ከሙቀጫው ይጀምሩ፣ ትልቁ ጠብ እዚያ ነው። ጆንያ አጥፎ ከሥሩ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም አይበቃም። ሙቀጫው ጠባብ መቀመጫ ስላለው ክብደቱ አንድ ቦታ ያርፋል፣ ጆንያውም ተጨፍልቆ እንደ ጠንካራ ወለል ይሆናል። የፍራሽ ስፖንጅም በዚሁ ምክንያት ሁለት ሳምንት አይቆይም። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ 35 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ያስቆርጡ። በአራቱም ማዕዘን ሥር 8 በ8 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ላስቲክ በማስቲሽ ይለጥፉ። ስፖርት ቤት የሚነጠፈው ጥቁር ላስቲክ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ግን ውስጡ ሽቦ ስላለው ደረቅ ነው። ሙቀጫው ጣውላው ላይ፣ ጣውላው ላስቲኩ ላይ ይቆማል፤ ወለሉን የሚነካ ሌላ ነገር አይኑር። ቦታውም ለውጥ ያመጣል፤ የክፍሉ መሃል ሶሌታው በጣም የሚርገበገብበት ነው። ከግድግዳው ጥግ፣ በተለይ ኮለኑ (ምሰሶው) አጠገብ ሆነው ይውቀጡ። የበግ አጥንት ሲከተፍም ይኸው ነው፤ መክተፊያውን ጣውላው ላይ ያስቀምጡ። ለበዓል መጥረቢያ የሚነሳ ከሆነ ግን ግቢ ይውረዱ፣ ለመጥረቢያ የሚሆን ላስቲክ የለም።

ቀጥሎ ወንበር። የብረት ወንበር ከሆነ እግሩ ቱቦ ነው፤ ጨርቅ ብቻ ቢለጥፉበት ጠርዙ በሳምንታት ይበሳዋል። መጀመሪያ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የቱቦውን ልክ ጎሚኒ (የወንበር እግር ላስቲክ) ገዝተው ይክተቱ፣ ከዚያ ካረጀ ባና ክብ ቆርጠው ከጎሚኒው ሥር በማስቲሽ ይለጥፉ። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀብተው አሥር ደቂቃ ያህል ሳያነካኩ ይተዉት፤ እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ይነሳል። ባናው አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋ የያዘ ደግሞ ሴራሚኩን ይፍቃል፣ ይጮኻልም፤ በየሦስት ወሩ ይቀይሩት።

ምንጣፍ ለደሴ ብርድም ለጎረቤትም ነው። ስስ ምንጣፍ ብቻውን የሚጠቅመው ትንሽ ነው፤ ሥሩ የሱፍ ባና ለሁለት ታጥፎ ሲነጠፍ ልዩነቱ ይሰማል። ብዙ ሰው ሳሎን ላይ ትልቅ ምንጣፍ ያነጥፍና ኮሪደሩን ባዶ ይተወዋል፤ ልጆች የሚሮጡት ግን ኮሪደር ላይ ነው። ምንጣፍ የወንበርንና የጫማን ድምፅ በደንብ ይቆርጣል፤ ከሶፋ የሚዘልን ልጅ «ድው» ግን ብዙም አይቀንሰውም። እሱን የሚያስቀረው የመዝለያውን ቦታ ወደ ግድግዳ ጥግ ወስዶ አሮጌ ፍራሽ መጣል ነው፤ ካልሆነም ሰዓት መወሰን።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት አንድ ቀን እማማ ቤት ቡና ይጠጡ። እዚያ ተቀምጠው ልጁ ከላይ ይውቀጥ፣ ወንበር ይጎትት፣ ይሩጥ፤ የትኛው እንደሚብስ በራስዎ ጆሮ ይስሙ። የአቦሉ መውቀጫ ይሁን የማታው ሩጫ እንቅልፍ የሚነሳቸው እሳቸው ያውቃሉ። ላስቲኩን አስገብተው ሲጨርሱም በዚያው መንገድ እንደገና ይፈትኑ። «እሺ እንጠነቀቃለን» ብሎ ከላይ መመለስ ግን የሚቆየው ለሳምንት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሴራሚኩን አንስቼ ድምፅ የማያሳልፍ ወለል ማሠራት እችላለሁ? ግንበኛው «ሥሩ ስፖንጅ እናነጥፋለን» አለኝ። (ከዚያው ከደሴ)

መልስ፦ አሳቡ ትክክል ነው፤ የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው። ወለሉ «ተንሳፋፊ» መሆን አለበት፤ ከሶሌታውም ከግድግዳውም ጋር የትም መነካካት የለበትም። 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው፣ ለወለል ተብሎ የተሠራ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይነጠፋል፤ መገጣጠሚያዎቹ በፕላስተር ይታሸጋሉ። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይቆማል። ላዩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሾ ይፈሳል፣ ሴራሚኩ ከዚያ በላይ ነው። ሲሚንቶ በአንዲት ቀዳዳ ሾልኮ ሶሌታውን ከነካ በዚያች ነጥብ ምቱ ያልፋል፤ ልፋቱ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ዞኮሎውም (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ወለሉን ነክቶ ከተለጠፈ ያው ነው፤ ከወለሉ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ክፍተቱን በሲልከን ያስደፍኑ።

አንድ ነገር ግን ችላ እንዳይሉ። 5 ሳንቲ ሜትር ሊሾ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በአንድ 12 ካሬ ሳሎን ላይ ከአንድ ቶን በላይ ጭነት ጨመሩ ማለት ነው። በብሎኬት የተሠራ ሶሌታ ላይ ይህን ያለ መሐንዲስ አስተያየትና ያለ ሕንፃው ማኅበር ፈቃድ አያስፈስሱ። ነባሩ ሊሾ ተነስቶ በአዲሱ ሲተካ ነው የሚሻለው። ለአብዛኛው ቤት ግን ባናና ምንጣፉ ይበቃል ባዮች ነን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ከታች ያለው ተከራይ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነው የሚሠራው፣ ቀን ይተኛል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ስከፍት ይመጣል። ቀን በቀን ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም ማለት አይጠበቅብዎትም፣ እሱም መተኛት አለበት። ማሽኑን ካስተካከሉ ጉዳዩ ግማሽ ያልቃል። መጀመሪያ ከጀርባው ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች ይዩ፤ ማሽኑ ሲገዛ ከበሮውን አስረው የሚመጡ ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። ያልተፈቱበት ማሽን ብዙ ነው፣ ሲጨምቅ የሚዘልለውም በእነሱ ነው። ካወጡ በኋላ አራቱን እግሮች በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ ማዕዘኑን በእጅ ሲጫኑት ከተወዛወዘ አንዱ እግር አልደረሰም፣ ያንን አውርደው መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁ። ከየእግሩ ሥር ላስቲክ ያድርጉ። አንድ ከባድ ብርድ ልብስ ብቻውን አይጨመቅ፣ ወደ አንድ ወገን ይከመራል። የጭመቃውን ፍጥነት ከ1,000 ወደ 600 ዝቅ ቢያደርጉት የኮምቦልቻ ፀሐይ የቀረውን ያደርቀዋል።

ከዚያ የፈረቃ ሰሌዳውን ይጠይቁት። ፈረቃ ይቀያየራል፣ በየሳምንቱ አንድ አይደለም። የሌሊት ሳምንቱን ካወቁ ማሽኑን ከሰዓት በኋላ ያደርጉታል፤ በሌላው ሳምንት እንደፈለጉ። እሱም በበኩሉ መኝታውን ከማሽኑ ክፍል ሥር ቢያነሳ ይረዳል፤ በአክብሮት ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። በርሜልና ጀሪካን ስንሞላ የታቹ ይነሳል። ከነጋ ውሃ የለም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ውሃ ከላይ ሲወርድ ነው የሚጮኸው። ጎማውን እስከ በርሜሉ ሥር አስገብተው ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ይተዉት፣ ከውሃው በታች ሲሞላ ድምፅ የለውም። ጀሪካኑን ባዶውን አይጎትቱ፣ ማታውኑ ከቧንቧው አጠገብ በጨርቅ ላይ ደርድረው ይተኙ። ዲናሞ ካለ ከሥሩ 2 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ያድርጉ፣ ከቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ጎማ ይሁን። ዲናሞው ከግድግዳ ጋር በቀጥታ ከታሰረ ሕንፃው ሁሉ ያጉረመርማል። ሰፈሩ ሁሉ ውሃውን በአንድ ሰዓት ስለሚጠብቅ የታቹም በዚያው ሰዓት ነቅቶ ይሆናል፤ መቼም በዚህ ጉዳይ ሁሉም ባለ ጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ በረመዳን ለሱሑር ስንነሳ ድምፅ በዛ ተብሎ የማኅበሩ ኮሚቴ በጽሑፍ አስጠነቀቀን። አንዳንዴ እኛ ቤት በሌለንበት ቀንም ይከሱናል። ሕጉ ምን ይላል? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ በመጨረሻው እንጀምር። በኮንክሪት ሕንፃ ድምፅ በምሰሶና በግድግዳ ስለሚሄድ ከጎን ወይም ከሁለት ፎቅ በላይ የተነሳው «ከላዬ ነው» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ኮሚቴው ባለበት አንድ ማታ ቤትዎን ቆልፈው ይውጡ፤ ድምፁ ካልቀረ ምንጩ ሌላ ነው። ቅሬታው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ እርስዎ የነበሩበትን ጭምር፣ ለአንድ ሳምንት በደብተር ይያዙ።

ስለ ሕጉ፦ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለማኅበሩና ለመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የደንቡን ቅጂ ይጠይቁ፤ የጸጥታ ሰዓት ተጽፎበት እንደሆነ ይዩ። ማስጠንቀቂያው የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሰ ካልገለጸ በጽሑፍ ይጠይቁ። ተከራይ ከሆኑ የደብዳቤውን ቅጂ ለባለቤቱ ይስጡ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ደግሞ ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ልኩ ሲታይ የአካባቢው ልማድ ከግምት ይገባል ይላል። ደሴ ውስጥ ለሱሑር መነሳት፣ ለጾምና ለበዓል ሌሊት መንቃት ልማድ ነው፤ የብረት በር ማላተም ግን በልማድ አይመጣም። ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው የድምፅ ደረጃ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። በስልክ ለክተው ግን አይከራከሩ። ስልክ ልኩ የተረጋገጠ መለኪያ አይደለም፣ ደረጃውም የሚለካው በአማካይ ስለሆነ የአንድ ሙቀጫ ምት ላይታይ ይችላል።

ጠቡ ከከረረ ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ይግባ። ወሎ አባጋር (የደም ጠብ የሚያስታርቅ ሽማግሌ) ያለበት አገር ነው፤ ለደም የሚጠራን ሰው ለድስት ድምፅ ማስቸገር ግን ይበዛል። ሽማግሌው ሲቀመጥ ስምምነቱን በሰዓት ያድርጉት፦ ለምሳሌ በረመዳን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ሶላት ድረስ ኩሽና ብቻ፣ በሩ ላይ የላስቲክ ጠርዝ፣ ድስቶቹ ማታውኑ ከቁም ሳጥን ወጥተው ጨርቅ ላይ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ለኮሚቴው።