ከዲዛይን ሽት ወደ ምርት ሽት፦ ምኑ ይሻገራል?

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ተሰብስበን ነበር። ሰባት ስምንት ኢንጂነሮች፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ የሚሠራ አንድ ሶኬት። ጉዳያችን የኤፍ ኤም ኢ ኤ ሽት ነው፤ ዕቃው በምን ሊበላሽ እንደሚችልና ብልሽቱ ምን እንደሚያስከትል የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ። አንዱ ለዲዛይን፣ ሌላው ለምርት ሂደት ይሞላል። ጣጣው የሚመጣው መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው፣ ከመልሶቼ ጋር አስቀምጫለሁ።

ጋሼ፣ የዲዛይኑን ሽት እንዳለ ኮፒ አድርጌ የምርቱን ብጀምርስ? ግማሽ ሥራ አይቀንስልኝም?

ይቀንስልሃል፤ በኋላ ያስከፍልሃል እንጂ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ዲዛይን ሽቱ «የኧርዝ ሽቦ ማሰሪያው በሙቀት ይላላል» ይላል። ውጤቱ፦ ጋጋሪዋን ኤሌክትሪክ ይይዛታል። ክብደት፣ ማለትም የጉዳቱ ከባድነት ከ1 እስከ 10 ሲመዘን፣ 10። ዲዛይነሩ በሙከራ አይቶት የመከሰት ዕድሉን 2፣ ቀድሞ የመያዝ አስቸጋሪነቱን 3 ሰጠው። ሲባዛ 60።

ወርክሾፑ ውስጥ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሠራተኛው ብሎኑን በደንብ ሳያጠብቀው ያልፋል። በዓል ሲደርስ ትዕዛዝ ይበዛል፣ እጅ ይቸኩላል። ዕድሉ 5። የሚፈተሸው በዓይን ብቻ ስለሆነ አስቸጋሪነቱ 6። አሁን 300 ሆነ። ኮፒ ብታደርገው ኖሮ 60 ብለህ እንቅልፍህን ትተኛ ነበር። የሚሻገረው ውጤቱና ክብደቱ ነው። ምክንያቱ፣ ዕድሉና ፍተሻው ከወርክሾፑ ወለል ላይ ይለቀማል።

የኛ አለቃ ግን ብዜቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ብዜት ያታልላል። 10 በ2 በ3 60 ነው። 3 በ4 በ5ም 60 ነው። አንዱ ሰው ይገድላል፣ ሌላው ቀለም ይልጣል። በፈረንጆቹ 2019 ኤአይኤጂ እና ቪዲኤ የተባሉት የአሜሪካና የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ ብዜቱን ትቶ የእርምጃውን ቅድሚያ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ብሎ ከፍሏል። ለአለቃህ ይኼን አሳየው።

ከዲዛይን ሽቱ ቁጥሩን እንዲያመጣልኝ ቪሉክአፕ የሚባለውን የኤክሴል ፈላጊ ቀመር አደረግሁ። ቁጥር አመጣ፤ ግን የሌላ ብልሽት ቁጥር ነው።

ቀመሩ መጨረሻ ላይ ፎልስ አላልሽውም። ካላልሽው የሚቀራረበውን ይዞ ይመጣል፤ ስህተት አለም አይልሽም። ኤክስሉክአፕ ያለው ኤክሴል ካለሽ እሱን ተጠቀሚ፤ ሳይነገረው ትክክለኛውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፎልስ ብዬም «የለም» ይለኛል። ዓይኔ እያየ ቃሉ አለ!

ላፕቶፑን አዙሮ አሳየኝ። አንዱ ሽት «ኃይል ያቋርጣል» ይላል፣ ሌላው «ሀይል ያቋርጣል»። ለኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ኃ እና ሀ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ከቃሉ ኋላ የተረሳች አንዲት ባዶ ቦታም ትበቃለች፤ እሷን ትሪም የሚባለው ቀመር ያነሳታል፣ ሀሁን ግን አያስተካክልልህም።

ስለዚህ በቃል አታገናኝ። ለእያንዳንዱ ብልሽት መለያ ስጠው፤ ብ-014 ዓይነት። የረድፍ ቁጥር እንዳይሆን! መሐል ላይ አንድ ረድፍ ሲገባ ሁሉም ይንሸራተታል። ብልሽቱ ከተሰረዘ መለያው አብሮት ይቀበር፣ ለሌላ አይሰጥ። የተዋሃዱ ሴሎችንም ፍታቸው። ለዓይን ያምራሉ፤ ጽሑፉ ያለው ግን የመጀመሪያው ሴል ላይ ብቻ ነው።

ሁለቱን ፋይሎች በሊንክ አገናኘሁ። አንዱን በፍላሽ ቢሮ ስወስደው ተበጠሰ።

ሊንኩ የያዘው የፋይሉን አድራሻ ነው። በአንድ ፎልደር ይኑሩ፣ አብረው ይጓዙ። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ሽት ብታደርጋቸው ደግሞ ጣጣው ያልቃል።

ዲዛይኑ ተሻሽሎ ክብደቱ ከ7 ወደ 9 ቢወጣ የኔ ሽት በምን ያውቃል?

ኮፒ ፔስት ከሆነ አያውቅም፤ በተገለበጠበት ቀን ቆሟል። ፓወር ኩዌሪ፣ ኤክሴል ውስጥ ያለው መረጃ አምጪ መሣሪያ፣ አዲሱን ያመጣልሻል። በነባሩ ላይ ግን እንዲጽፍበት አትፍቀጂለት። እኔ አንድ ሰሞን ሁሉም በራሱ እንዲታደስ አድርጌ፣ ስብሰባ ላይ ስክሪኑና የታተመው ወረቀት አልገጥም ብለውኝ ላብ በላብ ሆኛለሁ። አዲሱ ክብደት ከነባሩ ጎን በራሱ ዓምድ ይምጣ፤ የዲዛይን ሽቱ እትምም ይጻፍ። ልዩነት ሲኖር ሴሉ ይቅላ፣ ሰው አይቶ ይወስን።

ቀኑስ? እኛ የምንጽፈው በኛው አቆጣጠር ነው።

30/2/2017 ስትል ጥቅምት 30 ማለትህ ነው። ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፣ በቀን ስትደረድር ቦታውን አያገኝም። 12/2 ካልከው ደግሞ ዝም ብሎ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። ይኼኛው ይብሳል። ዋናውን በፈረንጅ ያዝ፣ የኛው በአጠገቡ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ።

ምርት ላይ ፍተሻ ጨምረን ክብደት 10ን 6 ማድረግ እንችላለን?

አትችሉም። ፍተሻ ብልሽቱን ቀድሞ የመያዝ ቁጥሩን ያሻሽላል። ፈታሽ ስለጨመራችሁ ግን ኤሌክትሪኩ ጋጋሪዋን ቀስ ብሎ አይይዛትም። ክብደቱን የሚቀንሰው ዲዛይኑ ነው፤ ብ-014ን ይዛችሁ ወደ ዲዛይነሩ ተመለሱ።