«ሲስተር፣ አማኑኤል ልውሰደው ወይ?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ምሥራቅ ጎጃም፣ ጤና ጣቢያ ላይ የአእምሮ ህክምና ነርስ ነኝ። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ ቡናውም ተጥዷል። ጠይቁኝ።

ጥ፦ ሲስተር፣ ከደጀን ነኝ። ወንድሜ ብቻውን ያወራል፣ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። አማኑኤል ልውሰደው?

መ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ። አማኑኤል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። አንዴ ሄዶ መመለስማ ይቻላል፤ በየወሩ መድኃኒት ለመቀበል በግ እየሸጡ አባይን መሻገር ግን የት ይዘለቃል? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 (በፈረንጆች) የጀመረው ፕሮግራም ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ተራው ነርስና ጤና መኮንን ሠልጥኖ በቅርብ ያክም። ራሱን ወይም ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ምግብም እምቢ ካለ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ጥ፦ እናቴ ጠበል ላይ ናት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ተይው አሏት።

መ፦ ትጠመቅ፣ ኪኒኗንም ትዋጥ። እኔ ጠበል ተዉ ብዬ አላውቅም፤ ብል እኔን ነው የሚተዉኝ። ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ግን መጣሉ የማያባራ ይሆናል፣ ሊገድልም ይችላል። የንስሐ አባቷን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናውራ። ስትወድቅ ደግሞ ክብሪት አታጭሱባት፣ አፏ ውስጥም ምንም አትክተቱ። በጎን አስተኟት። 5 ደቂቃ ካለፈ ይዛችኋት ሩጡ።

ጥ፦ ራሴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ የለኝም። ደም መርምረው «ምንም የለብሽም» አሉኝ።

መ፦ እታለም፣ ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ። እኛ አገር «ከፍቶኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ የለም፤ ድባቴው በራስ ምታት፣ በልብ ምት፣ በጨጓራ በኩል ነው የሚመጣው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ለባለሙያው እንዲህ ብለሽ ንገሪው። «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ካለም አትደብቂ፣ ያኔ ነገ አይባልም። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳትጥይው። ከተሻለሽም በኋላ ቢያንስ 9 ወር መዋጡን ቀጥይ።

ጥ፦ እኛ ጤና ጣቢያ «የሠለጠነ የለም» አሉን።

መ፦ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የሠለጠነው ይዛወራል፣ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። እኛም ጋ አንድ ክረምት ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አልቆ፣ ደህና ሲያርስ የነበረ ሰው ታስሮ መጣብኝ።

ቡናው ገነፈለ፣ መጣሁ።