የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ፋብሪካ ግቢ ፓርክ ሲሆን

ጥያቄ፦ ለረጅም ዓመታት ብረት ማቅለጫና ነዳጅ ማከማቻ የነበረ ግቢ ፓርክ ሊሆን ነው። የላዩ አፈር ተመርምሮ «ችግር የለበትም» ተብሏል። ዛፍ መትከል እንጀምር?

መልስ፦ ገና ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ ከላይ የሚታየው አፈር ብዙውን ጊዜ ኋላ የመጣ ሙሌት ነው፤ ጉዱ ከሥር ነው ያለው። ከቁፋሮ በፊት የድሮ ካርታ፣ የአየር ፎቶግራፍና የሕንፃ ፕላን ይሰብስቡ፤ እዚያ የሠሩ ሰዎችንም ያነጋግሩ። የሚፈለጉት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የተቀበረ የነዳጅ ታንከር፣ አመድና ዝቃጭ የተደፋበት ጥግ፣ ብረት በኬሚካል የታጠበበት ክፍል፣ የትራንስፎርመር መቆሚያ፣ የፍሳሽ ቦይ።

ከዚያ ግቢውን በየ20 ወይም በየ25 ሜትሩ ከፋፍለው ናሙና ያስወስዱ፤ በተጠረጠሩት ቦታዎች ደግሞ ነጥቦቹ ይቀራረቡ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ከላዩ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር፣ ከ1 ሜትር፣ እንዲሁም የተፈጥሮው አፈር ከሚጀምርበት ለየብቻ ይወሰዳል። የላብራቶሪ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ የአምስት ጉድጓድ አፈር ሲደባለቅ ምን እንደሚሆን ያስሉት፦ በአንዱ በኪሎ 1,000 ሚሊ ግራም፣ በአራቱ ሃምሳ ሃምሳ እርሳስ (መርዛማው ብረት) ቢኖር ውጤቱ 240 ሆኖ ይወጣል። አደገኛው ነጥብ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በመኖሪያ አፈር ውስጥ ያለ እርሳስ ይጣራ የሚልበትን መጠን በ2024 ከ400 ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል፤ በድሮው መጠን 240 ችግር የሌለበት ይመስል ነበር።

ተናኝ ኬሚካሎች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ቤንዝን (የመኪናውን ቤንዚን ማለታችን አይደለም) በፕላስቲክ ከረጢት ከተወሰደ ላብራቶሪ ሳይደርስ ይተናል፤ እስከ አፉ በተሞላና በተከደነ ብልቃጥ፣ 4 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ይሂድ። ለከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ከተሰለፉ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ አይነግሩም።

ጥያቄ፦ የሱፍ አበባ መርዝ ከአፈር ይመጥጣል ሲባል ሰምተናል። ርካሽ ስለሆነ በዚያ ብንጀምርስ?

መልስ፦ እንደ መርዙ ነው። እርሳስ አፈሩን አጥብቆ ስለሚይዝ በሥር የሚሳበው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እርሳስ ባለበት ሱፍ መዝራት ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ጽዳት አይደለም። አርሰኒክ የተባለውን መርዝ በሚገባ የሚመጥጥ የፈርን (አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል) ዝርያ አለ። እሱም ቢሆን ዓመታት ይፈጃል፤ የሚታጨደው ቅጠል እንደ መርዛማ ቆሻሻ ይወገዳል፤ እስከዚያው ግቢው ለሕዝብ ዝግ ነው።

ብክለቱ ናፍጣ ከሆነ ሥራው የባክቴሪያ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ ላይ እስከ 2 ሜትር ገደማ ይቆለላል። ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ እንዲደርስ ማዳበሪያ ይጨመራል፤ እየተገላበጠ ወይም በቧንቧ አየር ያገኛል። ክምሩ መሥራት ሲያቆም ብዙውን ጊዜ ወይ ደርቋል፣ ወይ ጭቃ ሆኖ አየር አጥቷል። ከባድ ብረትን ግን ባክቴሪያ አይበላውም፤ ወፍራም ሬንጅም ያስቸግረዋል።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኘው ጋዝ ወርክስ ፓርክ የሆነው ይኸው ነው። ከ1906 እስከ 1956 ጋዝ የተመረተበትን ግቢ ንድፍ አውጪው ሪቻርድ ሃግ የፍሳሽ ዝቃጭና ሰጋቱራ ከአፈሩ ጋር በማደባለቅ ለባክቴሪያ አመቻቹት፤ ፓርኩም በ1975 ተከፈተ። በ1984 ግን በአፈሩ ውስጥ ብክለት ተገኝቶ ለጊዜው ተዘጋ። ኋላ ተጨማሪ ንጹህ አፈር ማልበስና ከሥር ያለውን ቤንዝን አየር እየነፉ ማስወጣት ግድ ሆነ።

ጥያቄ፦ ኖራ መበተንስ?

መልስ፦ እርሳስንና ካድሚየም የተባለውን ከባድ ብረት ያስራል። አርሰኒክ ወይም ክሮሚየም 6 (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአፈሩ አሲድነት ሲቀንስ ሁለቱም ይለቀቁና ከውሃ ጋር ይወርዳሉ። ፎስፌትም እርሳስን ሲይዝ አርሰኒክን ይፈታል። ከግቢው አፈር ጥቂት ወስደው በላብራቶሪ ሳያስሞክሩ አንድ ኩንታል እንኳ እንዳይበትኑ።

ጥያቄ፦ ቆፍሮ ማውጣት ከአቅም በላይ ነው። በንጹህ አፈር መሸፈን ይበቃል? የዛፍ ሥር አይበሳውም?

መልስ፦ ሽፋን መርዙን አያጠፋም፤ የልጅ እጅ፣ አቧራና ጎርፍ እንዳይደርሱበት ያደርጋል። ለሣር 60 ሳንቲ ሜትር፣ ለዛፍ ከ1 ሜትር በላይ ይታሰብ። መጀመሪያ መሬቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ተዳፋት ይበጅለታል። ዝናብ ወደ ታች እንዳይሰርግ ከተፈለገ 1.5 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሽፋን፣ በላዩ የጠጠር ማንጣፈፊያ ይገባል። ከዚያ ብርቱካናማ ጨርቅ፣ በመጨረሻም አፈሩ። ጨርቁ ነገ የሚቆፍር ሰው «ከዚህ በታች አትንካ» የሚል ምልክት ነው። ርካሽ ነው፤ ሆኖም በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ አይሰረዝ።

አብዛኛው የዛፍ ሥር በላይኛው 1 ሜትር ውስጥ ይሰራጫል። ከመብሳቱ ይልቅ የሚያሰጋው ዛፉን ነፋስ ሲጥለው ነው፤ ሥሩ ሲነቀል የታቹን አፈር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ዛፎቹን ወፍራም አፈር ባላቸው ጉብታዎች ላይ ይሰብስቡ። የመኪና ማቆሚያና የኳስ ሜዳ ንጣፍ በከፋው ቦታ ላይ፣ የልጆች መጫወቻ በንጹሁ ላይ ይዋል፤ ንድፉ የብክለት ካርታውን እንጂ የዕይታ ውበትን አይከተል።

የሚመጣው አፈርም ከመራገፉ በፊት ይመርመር። ሌላው የተለመደ ስሕተት ገልባጭ መኪና በለማው አፈር ላይ ማመላለስ ነው፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ችግኙ ይሞታል። ጥፋቱ ለመርዙ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ካፌና ኩሬ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ተናኝ ኬሚካል ባለበት ካፌው ወለሉ ሥር ጋዝ የማያሳልፍ ሽፋንና ንፋስ የሚያስወጣ ቧንቧ ይፈልጋል። ኩሬው ከሥሩ ይታሸግ፤ ካፈሰሰ መርዙን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገፋል። የውሃና የመብራት መስመሮችን ደግሞ ከመጀመሪያው ሰፋ ባለና በንጹህ አፈር በተሞላ ቦይ ውስጥ ይቅበሩ፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ የተበከለውን አፈር አውጥቶ ሣሩ ላይ እንዳይከምረው።