ሐውልቱ ከተነሳ በኋላ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በከተማ ፕላን ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የሐውልት ነገር በተነሳ ቁጥር "ይፍረስ ወይስ ይቆይ?" ትሉኛላችሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በዚህ ላይ ከሜክሲኮ ሲቲ ሴቶች የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

በፓሴዮ ዴ ላ ሬፎርማ ጎዳና ላይ አውሮፓውያን አሜሪካን ቅኝ እንዲገዙ መንገድ የከፈተው የባሕር ተጓዥ የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ሐውልት ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ ነበር። ኦክቶበር 2020 ተቃዋሚዎች ሊጥሉት በተጠራሩበት ሰሞን አስተዳደሩ "ለጥገና ነው" ብሎ አነሳው። መቆሚያው ባዶውን ቀረ።

በዓመቱ የከተማዋ አስተዳዳሪ ክላውዲያ ሼይንባም በምትኩ የነባር ሕዝቦች ሴት ሐውልት እንደሚቆም አስታወቁ። ሲሰሙት ሸጋ ሐሳብ ነው። ቀራጩ ግን ወንድ፣ ያውም ከነባር ሕዝቦቹ ወገን ያልሆነ። ተቃውሞ በረታና ዕቅዱ ቀረ። "ለእናንተ ብለን ነው" የሚባል ነገር ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ማን መረጠው በሉ፤ ስለ ማማሩ ኋላ ይወራል።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 2021 ሴቶቹ ራሳቸው መጡ። እጇን ጨብጣ ወደ ላይ ያነሳች፣ ሐምራዊ ቀለም የተቀባች የእንጨት ምስል መቆሚያው ላይ አወጡ። በዙሪያው ባለው አጥር ላይ የተገደሉ፣ የጠፉ፣ ፍትሕ ፍለጋ የሚንከራተቱ ሴቶችን ስም ጻፉ። ቦታውንም "የሚታገሉ ሴቶች አደባባይ" አሉት።

ይህን ያህሉን ቆራጥ ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ያደርገዋል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ስሞቹ በቀለም ተሸፈኑ፤ ሴቶቹ ተመልሰው ጻፏቸው። የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረው አቤቱታቸውን በየወረቀቱ ሰቀሉ። ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች ይሰበሰቡበት ጀመር። እንጨቱንም ኋላ በብረት ተኩት፤ ዝናብና ፀሐይ ከማንም ጋር አይደራደሩምና። እንግዲህ እናንተም ለሰልፉ ቀን ስትዘጋጁ ቀለሙን በየጊዜው የሚያድሰው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡስ ከየት እንደሚመጣ አብራችሁ ቁረጡ። ፎቶ ለመነሳት የሚመጣው ብዙ ነው፤ ብሩሽ ይዞ የሚመለሰው ጥቂት።

እኛ ፕላን አውጪዎች አደባባይን የትራፊክ ማዞሪያ አድርገን እንስለዋለን። ሰው ሐዘኑን ይዞ የሚቆምበት ቦታ የሚል ምልክት በካርታችን ላይ የለም። ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሙያ የሚገባ ካለ ይህን ይያዝልኝ።

አስተዳደሩ በ2023 "የአማሃክ ወጣት" የምትባለውን ጥንታዊ የሴት ሐውልት ቅጂ እዚያው ጎዳና ላይ፣ አጠገባቸው አቆመ። ሐምራዊቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።