ከዜሮ በታች ያለ አፈር፦ ሕያው ነው ወይስ የተቀመጠ ሬሳ? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራዬ ከአፈር ውስጥ ስብ እያወጡ መለካት ነው። እጅግ ቀዝቃዛ በሆኑ ቦታዎች አፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት የመጣላችሁን ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንታርክቲካ ሲባል የምናውቀው በረዶውን ነው። አፈር የሚባል ነገር አለ እንዴ?

አለ። ከአህጉሩ 98 በመቶ የሚሆነው በበረዶ የተሸፈነ ነው፤ የቀረው ድንጋይ፣ አሸዋና አፈር ነው። በሰፊው የሚታወቀው ማክሙርዶ ደረቅ ሸለቆዎች የሚባለው ስፍራ ሲሆን 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእንግሊዙ ሮበርት ስኮትና ጓደኞቹ የደረሱበት በ1903 ነው። ዛፍ የለ፣ ሣር የለ። የዓመቱ አማካይ ሙቀት እንደየቦታው ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ነው። የሚጥለው ጥቂት በረዶም አብዛኛው ውሃ ሳይሆን ተኖ ይጠፋል። በብዙው ቦታ የአፈሩ ኦርጋኒክ ካርቦን 0.1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ተጎሳቁሏል የምንለው የደጋ ማሳ ከዚህ ብዙ እጥፍ አለው።

ጥያቄ፦ ማይክሮስኮፕ እያለ ኬሚካሉ ምን አስፈለገ?

ማይክሮስኮፕ ሥር የአፈር ቅንጣትና ባክቴሪያ ለመለየት ያስቸግራሉ። ማራባትም ብዙ አያስኬድም፤ ከአፈር ባክቴሪያ አብዛኛው ሳህን ላይ አይበቅልም። ስለዚህ ሕዋስ ያለ እሱ ሊኖር የማይችለውን ነገር እንፈልጋለን፤ ይኸውም ሽፋኑ የተሠራበትን ፎስፎሊፒድ የተባለ ስብ።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ቀዝቅዞ የደረቀው አፈር መስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባና ክሎሮፎርም፣ ሜታኖልና ውሃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በደንብ ይናጣል። ሲያድር ፈሳሹ ለሁለት ይከፈላል፦ ከላይ ውሃውና ሜታኖሉ፣ ከታች ክሎሮፎርሙ። ስቡ ከታች ነው ያለው። ያንን ጥንቅቅ አድርገን ቀድተን በሲሊካ ላይ እናሳልፈዋለን። በክሎሮፎርም ሲታጠብ ተራው ስብ ይወርዳል፣ በአሴቶን ስኳር የተያያዘበት ስብ (ግላይኮሊፒድ)፣ በመጨረሻ በሜታኖል የምንፈልገው ፎስፎሊፒድ። እሱ በቀላሉ ወደሚተን ሜቲል ኤስተር ተቀይሮ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ (በጋዝ መልክ ያለን ድብልቅ እየለየ የሚለካ መሣሪያ ነው) ሲገባ እያንዳንዱ ፋቲ አሲድ፣ ማለትም ስቡ የተሠራበት የካርቦን ሰንሰለት፣ በየራሱ ደቂቃ ይወጣል። ቅርንጫፍ ያለው ባለ 15 ካርቦን ባብዛኛው ግራም ፖዘቲቭ የሚባለውን ወፍራም ግድግዳ ያለው ባክቴሪያ ያመለክታል። ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ባለ 18 ካርቦን ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈንገስ ነው። መሣሪያው ለእርሻ አፈር የሚስለው መስመር እንደ ስሜን ተራሮች ነው። ከደረቅ ሸለቆ አፈር የሚወጣው ግን ሜዳ ነው፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ጉብታ ብታዩ ነው።

ጥያቄ፦ ያ ጉብታ ከእጃችሁ የመጣ ቢሆንስ?

የሙያው ራስ ምታት እሱ ነው። ቆዳችን ስብ ነው፣ ፕላስቲክም ፋቲ አሲድ ይለቃል። ስለዚህ መስታወቱ በ450 ዲግሪ ይጠበሳል፣ አፈሩ በተጠበሰ ፎይል ይጠቀለላል፣ ከእያንዳንዱ ዙር ጋርም አፈር የሌለበት ባዶ ቱቦ አብሮ ያልፋል። ናሙናው ከባዶው ቱቦ በግልጽ ካልበለጠ ውጤት የለም። ስለ ባዶው ቱቦ ምንም የማይናገር ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ማንበቤን አቆማለሁ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ባለ ብርድ የባክቴሪያዎቹ ሽፋን እንዴት አይረጋም?

ማዕድ ቤት ሂዱና ቅቤና ዘይት እዩ። ሲበርድ ቅቤው ይረጋል፣ ዘይቱ ይፈሳል፤ ልዩነቱ ድርብ ቦንዱ ነው። ብርድ የለመደ ባክቴሪያ ሽፋኑ ላይ ድርብ ቦንድ ያላቸውን ወይም ቅርንጫፍ ያላቸውን ፋቲ አሲዶች ያበዛል፤ ሽፋኑም ሳይረጋ ይቆያል። ከካናዳ አርክቲክ የተገኘው ፕላኖኮከስ ሃሎክሪዮፊለስ የተባለ ባክቴሪያ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሲራባ ታይቷል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ስቡ ከተገኘ ሕይወት አለ ማለት ነው፤ አለቀ።

አላለቀም። ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ነው። ሞቃት አፈር ውስጥ ሕዋስ ሲሞት ፎስፎሊፒዱ በቀናት ወይም በሳምንታት ይፈርሳል፤ የሚበላው ብዙ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ስብ ለካሁ ማለት ሕያው ለካሁ ማለት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። በበረዶማ አፈር ግን አፍራሽ እምብዛም የለም። ብርዱ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፤ ዲኤንኤውንም የሕዋስ ጉልበት የሚያዘውን ኤቲፒ የተባለ ውሁድም አብሮ ያቆያል። የለካሁት ነዋሪውን ይሁን ከብዙ ዘመን በፊት ነፋስ ያመጣውን ሬሳ ከስቡ መጠን ብቻ ማወቅ አልችልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይደረጋል? መላ የለውም?

መላው ማብላት ነው። ጨረር በሚያወጣው ካርቦን 14 ምልክት የተደረገበት አሴቴት፣ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ውሁድ፣ አፈሩ ላይ ይጨመርና በዚያው በብርዱ ይቀመጣል። ሬሳ አይበላም። ሕያው ካለ ምልክቱ በሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አዲስ በሚሠራው ስብ ውስጥ ብቅ ይላል። በ2000 የሩሲያ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሳይቤሪያ ፐርማፍሮስት (ከዓመት ዓመት በረዶ ሆኖ የሚቆይ አፈር) ላይ ሞክረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ምልክቱን ስቡ ውስጥ አገኙት። ፍጥነቱን ተመልከቱ፦ 5 ዲግሪ ሙቀት ላይ በአንድ ቀን እጥፍ የሚሆነው የባክቴሪያ ብዛት፣ ከዜሮ በታች 10 ላይ 20 ቀን ይፈጅበታል፤ ከዜሮ በታች 20 ላይ 160 ቀን ገደማ። ሲበርድ ዝግታው የሚብሰው በአፈሩ ቅንጣት ዙሪያ የሚቀረው ፈሳሽ የውሃ ሽፋን እየሳሳ ስለሚሄድና ምግብ በዚያ ውስጥ ማለፍ ስለሚቸገር ነው።

በተቃራኒው፣ ከደረቅ ሸለቆዎቹ መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ቫሊን ፐርማፍሮስት ያጠኑ ሰዎች በ2016 ባወጡት ሥራ፣ ዲኤንኤ እያለ ሊለካ የሚችል እንቅስቃሴ አላገኙም። እኔ እዚያ ያለው አብዛኛው ሬሳ ወይም ያንቀላፋ ነው ወደሚለው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ሣር ከሌለ ሕያዋኑ ምን ይበላሉ?

አንዳንዶቹ አየር። ቀልድ አይደለም። በ2017 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከምሥራቅ አንታርክቲካ፣ ሮቢንሰን ሪጅ ከተባለ ቦታ ባመጡት አፈር ላይ ባክቴሪያዎቹ በአየር ውስጥ ያለውን እጅግ ጥቂት ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚጠቀሙ አሳዩ። በአየር ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ከአንድ ሚሊዮን ክፍል የግማሽ ክፍል ያህል ብቻ ነው! አፈሩን በጠርሙስ ዘግተው የጋዙን መቀነስ በየጊዜው በጋዝ ክሮማቶግራፍ ለኩ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከማርስ ጋር ምን አገናኘው? ሁሌ አብሮ ይነሳል።

ብርድና ድርቀቱ። ቮልፍ ቪሽኒያክ የሚባል አሜሪካዊ የማርስ ሕይወት መፈለጊያ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ በወጪ ምክንያት ከቫይኪንግ መንኮራኩሮች ላይ ተቀነሰ። እሱም ሌሎች ‹ምንም የለበትም› ያሉትን የደረቅ ሸለቆ አፈር ሊመረምር አንታርክቲካ ሄደ። በታኅሣሥ 1973 ሙከራዎቹን ሊሰበስብ ብቻውን ወጥቶ ከገደል ወድቆ ሞተ። በ1976 ቫይኪንጎች ማርስ ላይ አርፈው አፈሩን እስከ 500 ዲግሪ ሲያሞቁ ያገኙት የክሎሪን ውሁዶች ብቻ ነበር፤ የጽዳት ኬሚካል ቅሪት ነው ተባለ። በ2008 ፊኒክስ የተባለ መንኮራኩር ማርስ ላይ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አገኘ። ፐርክሎሬት ደግሞ ሲሞቅ ኦርጋኒኩን ያቃጥላል። መፈለጊያው ዘዴ የሚፈለገውን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያው ጨው ደረቅ ሸለቆዎች ውስጥም ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ የኛው ዳሎልስ? እዚያም ሕይወት አለ የለም ይባላል።

ሙቀቱ ተቃራኒ ቢሆንም ክርክሩ አንድ ነው። በ2019 አንድ ቡድን ዳሎል ውስጥ እጅግ ጥቃቅን አርኪያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ ግን የተለየ ወገን የሆኑ ደቂቅ ዘአካላት) አገኘሁ አለ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ማግኒዥየም የበዛባቸውን ኩሬዎች መርምሮ ሕይወት የለም አለ። ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች እንዳሉም አሳየ። እኔን የሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ ያሳምነኛል። ደግሞም ከላይ የነገርኳችሁ የፋቲ አሲድ ዘዴ ለዳሎል አይሆንም፤ የአርኪያ ስብ በኢተር ቦንድ የተያያዘ ስለሆነ ዘዴው አያየውም።

ጥያቄ፦ ራስ ዳሽን ላይስ?

ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ሣርም አለው። ጥሩ የምርምር ቦታ ነው፤ ከደረቅ ሸለቆዎች ጋር ግን አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የለንም። በምን ልጀምር?

በትንፋሽ ጀምር። ክዳኑ የሚገጥም የመስታወት ማሰሮ፣ እርጥብ አፈር፣ መሃሉ ላይ በትንሽ ብልቃጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። አፈሩ የሚተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝልሃል። ከቀናት በኋላ ባሪየም ክሎራይድ ጨምር፤ ነጭ ዝቃጭ ታያለህ። የቀረውን ቤዝ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታይትሬት አድርግ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ። አፈር የሌለበት ማሰሮም ከሁለቱም ጋር ይኑር፤ ክዳን ሲከፈት የገባው አየር ስንት እንደሆነ የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው።